ሳያስመስሉ አለቃ መሆን፦ ከስፌት መስመር የተማርኩት

ከቃሊቲ ተነስቶ በገላን በኩል ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብዙ ፋብሪካ አለ። ልብስ በሚሰፋበት በአንዱ ኦፕሬተር (ማሽን ላይ የሚሰፋ ሠራተኛ) ሆኜ ገብቼ ላይን ሊደር (የአንድ ስፌት መስመር መሪ)፣ ቀጥሎም የፈረቃ ኃላፊ ሆኛለሁ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ሰው እንድትመሩ ለተሾማችሁ፣ ወይም ሹመቱ እየቀረበ ለሚያስፈራችሁ ነው። የራሴን ታሪክ አላበዛም። የት የት እንደሚሳሳቱ፣ ለምን እንደሚሳሳቱና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ላይ አተኩራለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ራስን መሆን ሲባል ያሰቡትን ሁሉ መዘርገፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» ብሎ የሚጀምር አለቃ ቀጥሎ የሚናገረው ስድብ ነው፤ ምስጋና ሲከተለው ሰምቼ አላውቅም። እኔ የምለው ከዚህ ጠበብ ይላል። ጠዋት የተናገራችሁት ማታ ካደረጋችሁት ጋር ይግጠም፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ በእጃችሁ ያልሆነውን ቃል አትግቡ። ጥቅሙ ደግሞ ጨዋ መባል አይደለም። ጥቅሙ መጥፎ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ ወደ እናንተ መምጣቱ ነው። የሚያስመስል አለቃን ሠራተኛ አይጣላውም፤ እሱም መልሶ ያስመስልለታል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ የሚሆነውን ከአለቃው በቀር ሁሉም ያውቃል።

ደግሞ በኛ አካባቢ ሁለት ፊት ይዞ መኖር አያዋጣም። ጠዋት ከምትመሩት ሰው ጋር በአንድ ሰርቪስ ትመጣላችሁ፤ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ከአንድ ሱቅ በዱቤ ትወስዳላችሁ፤ ዕቁቡም ዕድሩም አንድ ነው። ቢሮ ውስጥ «እኔማ ለእናንተ ተከራክሬ ነበር» ያለ ሰው፣ ለማን ሲከራከር እንደነበር እሁድ ዕድር ላይ ይታወቅበታል።

ማስመሰሉ የሚጀምረው ገና ሲቀጠሩ ነው። ማመልከቻ ላይ «ሁሉንም ማሽን እሠራለሁ» ተብሎ ይጻፋል። የተግባር ፈተናው ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላይ አስቀምጠው ክር እንድታስገቡ ይነግሯችኋል፣ የክሩን መንገድ የማያውቅ እጅ ወዲያው ይለያል። ከዚያ በኋላ እውነት የሆነው ችሎታም አብሮ ይጠረጠራል። የሚሻለው ለይቶ መጻፍ ነው፦ ሲንግል ኒድል ላይ ስንት ዓመት፣ ባለ 4 ክር ኦቨርሎክ ላይ ስንት ወር፣ ፍላትሎክ ጭራሽ ካልነካችሁ «አልሠራሁበትም፣ ለመማር ዝግጁ ነኝ» በሉ። ከቴክኒክና ሙያ የወጣችሁ ከሆነ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) የወሰዳችሁበትን ደረጃ እንዳለ አስቀምጡ፤ ያልወሰዳችሁትን «በሂደት ላይ» አትበሉ። ቀጣሪው የሚፈልገው ሁሉን አዋቂ አይደለም፤ ነገ ጠዋት የት እንደሚያስቀምጣችሁ ማወቅ ነው የሚፈልገው። ለሱፐርቫይዘርነት ስትወዳደሩም እንዲሁ ነው። «የመራሁት ትልቁ ቡድን 8 ሰው ነው» ያለ፣ «ብዙ ሰው መርቻለሁ» ካለው ይልቅ ይታመናል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ማለት ነው። አዲስ ሰው በነዚህ ሳምንታት ስህተት እንዳይታይበት ይደበቃል፤ እኔም ተደብቄያለሁ። ስሌቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንኛውም ጥያቄ ይፈቀዳል፤ በስምንተኛው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ብትጠይቁ «እስካሁን አታውቅም እንዴ?» ያስብላል። ስለዚህ ትንሽ ደብተር በኪስ ያዙ፤ ያልገባችሁን ቃልና ቁጥር እዚያው መስመር ላይ ጻፉ፤ በምሳ ሰዓት ለአንድ ሰው ሦስቱን ብቻ ጠይቁ። ከሦስት በላይ ሲሆን ሰው ይሰለቻል። የተሰጣችሁን መልስ በማግስቱ ስትሠሩበት የነገራችሁ ሰው ያያል፤ በአራተኛው ቀን ሳትጠይቁት እየመጣ ይነግራችኋል።

ሹመቱ ሲመጣ ነው ዋናው መሰናክል። ትናንት አብራችሁ በአንድ ሳህን ስትበሉ የነበራችሁ ሰዎች ዛሬ በእናንተ ሥር ናቸው። ሁለት ዓይነት ስህተት አየሁ፤ ሁለቱንም ሠርቻለሁ። አንደኛው ድምፅን መቀየር ነው፦ እንግሊዝኛ ማብዛት፣ ምሳ ለብቻ መብላት፣ በስሙ ይጠራ የነበረውን ሰው «ኦፕሬተር» ማለት። ሁለተኛው ምንም እንዳልተቀየረ መሆን ነው፤ ጓደኛ ሲዘገይ መዝገቡ ላይ በሰዓቱ የመጣ ማድረግ። የመጀመሪያው ያስቃል፣ ሁለተኛው ግን ያጠፋል። በአዋጁ፣ ማርፈዱ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። ለአንዷ አራቱን ሰርዛችሁ ለሌላዋ ስምንቱን ከጻፋችሁ፣ የተባረረችው ልጅ እናት ቤታችሁ ድረስ ትመጣለች፤ የምትመልሱላትም የላችሁም።

የሠራልኝ መንገድ በመጀመሪያው ቀን የሚለወጠውንና የማይለወጠውን በግልጽ መናገር ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ውሰዱ፣ ማይክ አያስፈልግም፦ «ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ለቅሶም ሠርግም አብረን እንሄዳለን። የሰዓት መዝገብ፣ የጥራት ካርድና ፈቃድ ላይ ግን ወዳጅ የለኝም። የማደላ ከመሰላችሁ ፊቴ ላይ ንገሩኝ፤ ካልሆነም ለሠራተኛ ማኅበሩ ንገሩ።» በዕድሜ የሚበልጧችሁን «አንቱ» ማለት አታቋርጡ። ትናንት «እትዬ» ያላችኋቸውን ዛሬ «አንቺ» ብትሉ ሥልጣኑ ከፍ አያደርጋችሁም፤ የቀሩት ሠላሳ ሰዎች አስተዳደጋችሁን ነው የሚመዝኑት። አክብራችሁ እየጠራችሁ ጠንከር ያለ ነገር መናገር ይቻላል፦ «እትዬ፣ ይሄ ስፌት ይፈታ፣ እንደገና ይሠራ።»

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ገላንና ዱከም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው፤ መስመሩ ላይ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ወላይትኛም ጉራጊኛም ይሰማል። የአነጋገር ቅላጼያችሁን ለመደበቅ አትልፉ፤ ሰው የሚስቀው በቅላጼው ሳይሆን በድብብቆሹ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚችል መሪ ትልቅ ሀብት አለው፤ አዲስ የመጣች ልጅ ችግሯን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስትናገር ግማሹን አትውጠውም። ጥንቃቄው አንድ ነው። የሥራ ትእዛዝ ለአንዱ ወገን ብቻ በአንድ ቋንቋ አትስጡ። በሁለቱም፣ ሁሉም በሚሰማበት ድገሙት። አለበለዚያ ስለ መርፌ ብታወሩም የዘመድ ወሬ ይመስላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ አብዛኛው መሪ የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ፕሮዳክሽን ማናጀሩ «ዛሬ ስንት ትሰጠኛለህ?» ይላል፤ 1,500 መስማት እንደሚፈልግ ፊቱ ላይ ይነበባል። «እሺ» ማለት ቀላል ነው። ማታ 1,050 ሲወጣ ግን ክር፣ መብራት፣ መካኒክ እየተባለ ሰበብ ይደረደራል። ይህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከሆነ እውነተኛ የመብራት መቋረጥ ሲመጣ የሚያምናችሁ የለም።

ስሌቱን ራሳችሁ አውጡ። 30 ኦፕሬተር በ480 ደቂቃ 14,400 ደቂቃ ይሆናል። ቲሸርቱ በስታንዳርድ 6 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ በመቶ ከመቶ ቅልጥፍና 2,400 ይወጣል ማለት ነው። የእናንተ መስመር ባለፉት ሁለት ሳምንታት 45 በመቶ ላይ ከሆነ እውነቱ 1,080 ነው። እዚህ ላይ አታቁሙ፤ የሚያንቀውን ሥራ ፈልጉ። ሰዓት ይዛችሁ አንገት የምትገጥመዋን ኦፕሬተር አሥር ጊዜ ለኩ፤ ከመለካታችሁ በፊት ለምን እንደምትለኩ ንገሯት፣ ካልነገራችኋት በዝግታ ትሠራለች ወይም ተሸብራ ታበላሻለች። አንዱን በ50 ሴኮንድ ከጨረሰች በሰዓት 72፣ በ8 ሰዓት 576 ነው። ሁለት ሰው ካላችሁ 1,152። ከዚያ በላይ መስመሩ በጩኸት አይወጣም፤ ሌላው 28 ሰው ቢሮጥም ልብሱ አንገት ላይ ይከመራል።

እንግዲህ ለማናጀሩ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ «ዛሬ 1,080። 1,500 ከፈለጋችሁ አንገት ላይ ሦስተኛ ሰው ያስፈልገኛል፣ ያኔ የአንገቱ አቅም 1,728 ይደርሳል። ሰው ከየት እንደምናመጣ ሁለት ሐሳብ አለኝ።» እምቢታ አይደለም፣ ዋጋውን መንገር ነው። መጀመሪያ ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል። ሕንድም ይሁን ቻይናዊ፣ ስሪላንካዊም ይሁን የኛው ሰው፣ ጭነት የሚያቅድ ማናጀር የሚጠላው ዝቅተኛ ቁጥር ሳይሆን ማታ የሚቀየር ቁጥር ነው። አንድ ወር ያህል ያላችሁትን ቁጥር ከሰጣችሁ ቀጣዩን ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት እናንተን ይጠይቃል። የእድገት መጀመሪያው ያ ነው።

መለወጫዬ የሆነው ግን ቁጥር ሳይሆን የተሰበረ መርፌ ነው። መርፌ ሲሰበር የሚደረገው የታወቀ ነው፦ ማሽኑ ይቆማል፣ እዚያ ያለው ልብስ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ቀን፣ የማሽን ቁጥርና ስም ይጻፋል፣ አሮጌው ሲመለስ አዲስ መርፌ ይሰጣል። ጫፉ ከጠፋ በማግኔት ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ያ ጥቅል ልብስ ተለይቶ በብረት መፈለጊያ ማሽን ያልፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ያ ጫፍ የሕፃን ልብስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ጭነት ተቸኩሎ ሳለ አንዲት ልጅ የተሰበረ መርፌ ይዛ መጣች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት መዝገቡ ባዶ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፣ ጥራት የተሻሻለ መሰለኝ። 30 ማሽን ባለበት መስመር ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም መርፌ አለመሰበሩ የሚታመን አይደለም። መርፌው ይሰበራል፣ ወሬው ግን አይደርሰኝም። ማሸጊያ ክፍል ያለው የብረት መፈለጊያ በጮኸ ቀን ነው የገባኝ።

ማስተካከያው ሁለት ወር ፈጀ። ጩኸቱ ሰው እየሰማ ስለነበር ይቅርታውም ሰው እየሰማ መሆን ነበረበት፤ ለልጅቷ ለብቻዋ ብነግራት አንድ ሰው ነው የሚያውቀው። «ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መርፌ ይዞ የመጣ ሰው ሥራውን ሠርቷል» አልኩ። ቀጥሎ የራሴን ስህተት ከሌላው ጋር እኩል መጻፍ ጀመርኩ፦ የተሳሳተ የክር ቀለም ያዘዝኩበት ቀን በስሜ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፣ መጥፎ ወሬ ይዞ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያው ቃል «እሺ፣ የት ጋ?» እንዲሆን ራስን ማስለመድ ነው። «ለምን?» የሚለው በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ «ለምን?» ካላችሁ ሰው ችግሩን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ እናንተም የምትፈልጉትን ሳታገኙ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ።

ይህ በገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው፦ በየዙሩ ከእያንዳንዱ ማሽን 7 ልብስ እያዩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካርድ መስቀል የተለመደ ነው። ኦፕሬተሯ ቀይ ካርዱን ካልፈራችው ስፌት የዘለለው በአንድ ጥቅል ላይ ይያዛል፤ መካኒኩ አስተካክሎት ሥራው ይቀጥላል። ከደበቀችው መጨረሻ ላይ ይመጣል። 3,000 ልብስ ባለው ጭነት፣ በተለመደው የ2.5 መለኪያ (ገዢው የሚቀበለው የጉድለት ገደብ)፣ የገዢው ተቆጣጣሪ 125 ብቻ ያወጣል። ጉድለቱ እስከ 7 ከሆነ ያልፋል፣ 8 ከሆነ ይወድቃል። ሲወድቅ ካርቶኑ ሁሉ ተከፍቶ 3,000ው ልብስ ይታያል። ከአንድ ጥቅልና ከ3,000 የቱ እንደሚቀል ለማስላት ሂሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

የትርፍ ሰዓት ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ ጥሩ ሰዎች የሚዋሹት እዚህ ነውና። ጭነት ሲደርስ «ዛሬ ግቡልኝ፣ እኔ አስከፍላችኋለሁ» ይባላል። ደመወዝ የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁም፣ ስለዚህ ያ ቃል የእናንተ አይደለም። የእናንተ የሆነው ሕጉን ማወቅና ሰዓቱን ጽፎ አስፈርሞ ማቅረብ ነው። በአዋጁ የትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አንዷ በወር 5,200 ብር የምታገኝ ከሆነ ለ208 የሥራ ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል በሰዓት 25 ብር ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የተሠራ ሁለት ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 75 ብር ይሆናል። ይህን እዚያው አስልታችሁ ንገሯት፣ «ሰዓታችሁን ዛሬውኑ አስፈርሜ አስገባለሁ፣ ደመወዝ ላይ ካልወጣ ከወረቀቱ ጋር አብሬአችሁ ሂሳብ ክፍል እሄዳለሁ» በሉ። የምትችሉት እስከዚያ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሂዱ።

በጣም የተፈተንንበት ጊዜ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ያስወጣችበት ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ። ወደ አሜሪካ የሚላከው ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ሲቀር ትእዛዝ የሚቀንስ ገዢ እንደሚኖር ሁሉም ገምቷል። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት «ልንባረር ነው?» ይላሉ። «ምንም የለም፣ ሥራችሁን ሥሩ» ያሉ መሪዎች ነበሩ፤ ሊያረጋጉ ነበር ሐሳባቸው። ሠራተኛው ግን የጨርቅ መጋዘኑ ሲጎድል በዓይኑ ያያል። «ምንም የለም» ባሉ በሳምንታቸው ጥሩ ጥሩ ኦፕሬተሮቻቸው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስት ነገር ለይቶ መናገር ይረዳል። የማውቀው፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ የሚሰፋ ጨርቅ ገብቷል፣ አይቼዋለሁ።» የማላውቀው፦ «የሚቀጥለው ትእዛዝ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ የሚያውቅም ሰው እስካሁን አላገኘሁም።» ዳግም የምነግራችሁ፦ «ዓርብ 9 ሰዓት፣ አዲስ ነገር ባይኖርም እነግራችኋለሁ።» ክብደቱ ሦስተኛው ላይ ነው። ዓርብ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም ቆማችሁ «አዲስ ነገር የለም» ማለት አለባችሁ። አንድ ዓርብ ከዘለላችሁ ወሬው ከእናንተ እጅ ወጥቶ ሰርቪስ ውስጥ ይገባል፤ ሰርቪስ ውስጥ የገባ ወሬ ቃሊቲ እስኪደርስ ፋብሪካው ተዘግቷል። አብሮ ደግሞ መብታቸውን ንገሯቸው፤ ሠራተኛ ሲቀነስ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንዳለ፣ የስንብት ክፍያም እንዳለ። ይህን መንገር በድርጅቱ ላይ ማሳደም የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አዋጁ ማንም ገዝቶ የሚያነበው ወረቀት ነው።

ልክ አለው ግን። ግልጽ ልሁን ብሎ የሌላውን ሰው ምስጢር ማውጣት ሐቀኝነት አይደለም፦ የማን ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ ማን ለምን የሕመም ፈቃድ እንደወሰደች፣ ማን ለመልቀቅ እንዳሰበ። «አውቃለሁ፣ ግን የኔ ስላልሆነ አልናገረውም» ማለት ውሸት አይደለም። ከላይ አለቃችሁ ጋር የተጣላችሁበትንም መስመሩ ላይ አታራግፉ፤ ለጊዜው ያስወድዳል፣ በኋላ ግን «ስለ እኛስ ላይ ምን ይል ይሆን?» ያስብላል። ይሉኝታም ፈጽሞ የሚጣል አይደለም። ሰው ፊት ላለማዋረድ የሚያቆየን ይሉኝታ ይቆይ፤ እውነት እንዳንናገር የሚይዘን ነው የሚለቀቀው። ሁለቱን ለመለየት የምጠቀምበት ጥያቄ «ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ?» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያሳፍራል።

እድገት ወይም ጭማሪ ስትጠይቁ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ስድስት ወር የያዛችሁት የምርት ቁጥር፣ የጥራት ጉድለት፣ ሥራ የለቀቀ ሰው ብዛት፣ ወር በወር። የወደቃችሁበትን ወር አትቁረጡት። አጠገቡ በአንድ መስመር ምን እንደሆነና ምን እንዳስተካከላችሁ ጻፉ። ሁሉም ወር ወደ ላይ የሚወጣ ወረቀት ማናጀሩ ከሂሳብ ክፍል ጋር ያመሳክረዋል፤ የወደቀውን ወር ራሳችሁ ካሳያችሁት ግን ወሬው ስለ ማስተካከያው ይሆናል። የምትፈልጉትን ብርም በቁጥር ተናገሩ። «እናንተ እንደምታዩት» ማለት ትሕትና ይመስላል፣ ግን በልባችሁ ቁጥር ይዛችሁ ከሆነ ያው ማስመሰል ነው፤ ያነሰ ሲሰጧችሁም ታኮርፋላችሁ።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። «እናቴ ታማለች» ብላችሁ ሌላ ፋብሪካ አትግቡ፤ ከገላን እስከ ዱከም የሰው ኃይል ክፍሎቹ ይደዋወላሉ። በነዚያ ቀናት ሦስት ነገር አስረክቡ፦ የኦፕሬተሮቹን ዝርዝር ከሚችሉት ማሽን ጋር፣ በሰዓት የለካችሁትን የየሥራውን ሴኮንድ፣ እና የመርፌ መዝገቡን፣ ያልተገኙት ጫፎች በቀይ እስክሪብቶ እንደተከበቡ።